የጋራው ጾምና የጓዳው ጾም፦ ከታይታ ርቆ ለመጾምና ለመጸለይ

ጎንደር ውስጥ ዐቢይ ጾምን ደብቆ መጾም አይቻልም፤ መደበቅም አያስፈልግም። ልኳንዳው ሥራ ይፈታል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ በየቤቱ የሚንተከተከው ሽሮ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ በስውር ስለ መጾም ያስተማረውን አንብቦ «እንግዲያስ የአዋጁንም ጾም ማንም ሳያውቅብኝ ልጹመው» የሚል ሰው በከንቱ ይደክማል። ጎረቤት ሁሉ የሚጾመውን መጾም ማንንም አያስመካም። መሰወር ያለበት ከአዋጁ በላይ የሚጨመረው ነው፦ የሰዓቱ መርዘም፣ የስግደቱ ብዛት፣ የሌሊቱ ጸሎት፣ የምጽዋቱ መጠን፣ የፈቃድ ጾሙ። ታይታ ሾልኮ የሚገባው በዚህ ትርፍ በኩል ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ምክርም ባብዛኛው እሱን ስለ መያዝ ነው።

የአዋጁን ከፈቃዱ መለየት

የአዋጅ አጽዋማት፣ ማለትም ምእመን ሁሉ እንዲጾማቸው የታወጁት፣ 7 ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነነዌ ጾም ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሰኞ እስከ ረቡዕ 3 ቀን ይጾማል። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ርዝመቱ በየዓመቱ ይለያያል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ አሉ።

ሰባተኛው ገሃድ ነው፤ የገናና የጥምቀት ዋዜማ። ጎንደር ላይ ከሁሉ የሚዘነጋው ይኼ ነው። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፣ ግብዣው ከበዓሉ ይቀድማል፣ ቀኑ ጾም መሆኑ ትዝ የሚለው ሲመሽ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ቤት የዚያን ቀን ማዕድ አስቀድሞ በጾም ያሰናዳ፤ ዶሮው ለ11 ይደር።

የፈቃድ ጾም ሌላ ነው። ዋናው ምሳሌ ጽጌ ሲሆን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ይቆያል፤ ማግስቱ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዓሉ ምን ያህል እንደሚደምቅ የጎንደር ሰው ያውቃል። ጽጌን የሚጾመውም የማይጾመውም አንድ ግቢ ውስጥ አብሮ ስለሚኖር የልብ ቅንነት በደንብ የሚፈተነው በነዚህ 40 ቀናት ነው። የማይጾመው ሰው አዋጅ አላፈረሰም። እሱ ክትፎ ሲያዝ አጠገቡ ሆኖ ድምፅን ከፍ አድርጎ «ለእኔ የጾም ይሁንልኝ» ማለት ግን ጾሙን በዚያው ወንበር ላይ ጨርሶ እንደ መነሣት ነው።

ንስሐ አባት ዘንድ ምን ይዞ መሄድ

ትርፉን ማን ይወቀው ቢባል ከእግዚአብሔር ሌላ የንስሐ አባት ይወቁት። ምስክር የሌለው ትርፍ ሁለት አደጋ አለው፦ ወይ በሦስተኛው ቀን ይተናል፣ ወይ ሰውየው ራሱን ቅዱስ አድርጎ ይሾማል። ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሂዱና «አባቴ፣ እንዴት ልጹም?» ብላችሁ በደፈናው አትጠይቁ፤ መልሱም ደፈናውን ይሆናል። እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳሰባችሁ፣ ሥራችሁ ጉልበት የሚጠይቅ መሆኑን፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና ሰዓቱን፣ ባለፈው ጾም የት ላይ እንደተሰናከላችሁ፣ የተጣላችሁት ሰው ካለ ማን እንደሆነ ንገሯቸው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። አባቶች ብዙ ጊዜ ስግደት ከመጨመር አስቀድመው «ሂድና ታረቅ» ይላሉ፤ ይህን ቀኖና ወደ ኋላ አቆይቶ ስግደቱን ብቻ ማብዛት የተለመደ ማምለጫ ነው።

ባለትዳር የሆነ ሰው ከባለቤቱ ሳይመክር ምንም አይጨምር። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባልና ሚስት ለጸሎት የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜው እንዲሆን አዟል። ከዚህ ሌላ የወጥ ቤቱ ጉዳይም አለ። ባል «እስከ 11 እቆያለሁ» ብሎ በልቡ ወስኖ ሚስት በ9 ያቀረበችውን እንድታነሣና እንደገና እንድታሞቅ ካደረጋት፣ ከጾሙ ድካም ግማሹን የተሸከመችው እሷ ናት።

ሰዓቱና ሆዱ

በጾም ሰዓት ውኃም ቡናም አይቀመስም። ለዐቢይ ጾም የተለመደው እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ቅዳሴውም የሚገባው በቀትር ነው። በሰሙነ ሕማማት እስከ 11 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቆዩ አሉ። ቅዳሜና እሑድ ከፍስክ ምግብ እንርቃለን እንጂ እንደ ሌላው ቀን እስከ 9 አንቆይም፤ ከዚህ ቀዳም ሥዑር፣ የትንሣኤ ዋዜማው ቅዳሜ፣ ብቻ ይለያል። ጀማሪ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከ6 ሰዓት ይነሣና በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ይጨምር። በመጀመሪያው ቀን 11 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ጾሙን ራሱን ይተወዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስቸግረው ራስ ምታት ባብዛኛው ከረኃብ ይልቅ ከቡና የሚመጣ ነው። ሰውነት የለመደውን ቡና ሲያጣ ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይብሳል፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሦስት ሲኒ የሚጠጣ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ያውርድ፤ ሰዓቱንም ወደ ከሰዓት ይግፋው። ይህን ያላደረገ ሰው ሰኞና ማክሰኞ ቤተሰቡ ላይ ይነጫነጭና «ሰይጣን ፈተነኝ» ይላል። ቅበላ ላይ እስኪታመሙ መብላትም ያው ነው፤ የሰኞውን ጾም እሑድ ማታ ያከብደዋል።

9 ሰዓት ሲሆን አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብላችሁ ጠጡ፣ ጥቂት ቆዩና ለስለስ ባለ ነገር ጀምሩ፦ ንፍሮ፣ አልጫ ክክ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ። በባዶ ሆድ አዋዜና ሰናፍጭ ጨጓራን ይልጣል። ሆድ ሲጠግብ መቆም እንዳለበት የሚነግር ደወል የለም፤ ስለዚህ ሳህኑን አስቀድማችሁ ቀነስ አድርጉት። የጾም ማዕድ በስልጆው፣ በአዚፋውና በሽምብራ ዓሣው ተደርድሮ ከፍስኩ ግብር የበለጠ ድግስ ከሆነ የተለወጠው ወጡ ብቻ ነው። የብስኩት መጠቅለያ አገላብጦ የወተት ዱቄት መፈለግም መልካም ጥንቃቄ ነው፤ በዚያው አፍ ጎረቤት እየታማ ከሆነ ግን ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የወቀሰውን ጾም ጾመናል ማለት ነው።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃን፣ በሽተኛ ሰዓት እንዲቆዩ አይገደዱም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ወይም ክኒኑን በራሱ ፈቃድ አያሸጋሽግ፤ አስቀድሞ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት ሰዓቱ አይዛነፍም። መድኃኒት ስለሚወስድ በጠዋት የሚቀምስ ሰው ካያችሁ ምክንያቱን አትጠይቁ። እሱም እናንተን ለማስደሰት ማብራሪያ መስጠት የለበትም።

ፊት መታጠብ

ጌታ የሚጾም ሰው ራሱን ይቀባ፣ ፊቱን ይታጠብ ያለው ዛሬም ቃል በቃል ይሠራል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የጿሚ ከንፈር ይደርቃል፣ አፍ ይሸታል፣ ዓይን ይሰንፋል። ማታ ከእራት በኋላ ጥርስን በደንብ መፋቅ፣ ጠዋት መጉመጥመጥና ውኃውን ሳይውጡ መትፋት፣ ከንፈርን ቫዝሊን መቀባት፣ ጠጉርን ማበጠር በቂ ነው። የሚቆርብ ሰው አፍ መጉመጥመጥን በተመለከተ አባቱን ይጠይቅ። ልብስም እንደ ወትሮው ይሁን። የቢሮ ሰው በጾም ወራት ብቻ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ድምፁን አድክሞ፣ ጉንጩን ይዞ ከተቀመጠ ሳይናገር እየተናገረ ነው።

«በሞቴ» ሲባል

በአዋጅ ጾም ረፋድ ላይ እማማ ቡና ጠጪ ብለው ሲጣሩ መልሱ ቀላል ነው፦ «ገና ነኝ፣ በኋላ እመጣለሁ»። ማንም ከዚያ አይጠይቅም። «ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?» ሲባልም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይበቃል፤ ስንት ሰዓት እንደምንፈታ፣ ትናንት ምን ያህል እንደደከመን መዘርዘሩ ይቅር።

የፈቃድ ጾም ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በጽጌ ወይም በሌላ ለራሳችሁ በያዛችሁት ቀን ሰው ቤት ገብታችሁ ዶሮ ቢቀርብና ባለቤቲቱ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ብትል ሦስት መውጫዎች አሉ፣ ሁለቱ መጥፎ ናቸው። «በልቻለሁ» ወይም «አሞኛል» ማለት ውሸት ነው፤ ጾምን በሐሰት መጠበቅ የለም። «እኔ ጽጌን እጾማለሁ» ብሎ ለተሰብሳቢው ማወጅ ደግሞ ትርፉን አደባባይ ያወጣዋል፤ ባለቤቲቱንም ያሳፍራል። የሚሻለው ካለው የጾም ነገር፣ ከእንጀራው፣ ከሰላጣው፣ ከሽሮው እየቆረሱ ጨዋታውን መቀጠልና ቡናውን መጠጣት ነው፤ አዘውትሮ የሚጋብዛችሁን ሰው ግን አስቀድሞ ለብቻው ጠርቶ መንገር ይቻላል፤ ለብቻ የተነገረ ነገር ታይታ አይሆንም። ጉርሻ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ ምን ይደረግ ለሚለው ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጾሙን ስትጀምሩ ተነጋገሩ፤ የፈቃድ ስለሆነ ሰውን ላለማሳዘን እንዲቀመስ የሚፈቅዱ አሉ፣ የማይፈቅዱም አሉ። በቦታው ላይ ሆኖ ለራስ ፍርድ መስጠት ወደ ሆድ ያደላል።

የጓዳ ጸሎት

ጓዳ የሌለው ብዙ ሰው ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ ከአራት ቤተሰብ ጋር የሚኖር፣ በዩኒቨርሲቲ ዶርም ስድስት ሆኖ የሚያድር «በርህን ዝጋ» የሚለውን የጌታን ቃል እንዴት ይፈጽመው? በሩ ሰዓት ነው። ቤቱ ከመንቃቱ በፊት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ያለው ግማሽ ሰዓት የማንም አይደለም። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ያለውም እንዲሁ፣ ነገር ግን የደከመ ሰው ማታ ላይ ቆሞ ያንቀላፋልና ጠዋቱ ይሻላል።

ቦታው ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንድ ጥግ ይሁን። ሥዕለ አድኅኖ (ቅዱስ ሥዕል) ካለ በንጹሕ መጋረጃ ይሸፈን፣ ሲጸለይ ይገለጥ። ጧፍ የሚያበራ ሰው ከመጋረጃው ክንድ ያህል ያርቀው፤ አሸዋ የተሞላ ቆርቆሮ ወይም የሸክላ ሳህን ላይ ያቁመው፤ ሳያጠፋ አይተኛ። ሌሎች የሚተኙበት ክፍል ከሆነ ጧፉ ይቅር፤ የእነሱን እንቅልፍ የሚነሣ ጸሎት ባለዕዳ ነው። ነጠላ መስቀለኛ ይጣፋል። ስልኩ ከክፍሉ ውጭ ይደር። የጸሎቱ መጽሐፍ ስልክ ላይ ያለ ሰው ዳታውን ያጥፋ፤ ባይሆን የታተመውን ትንሹን መጽሐፍ ይግዛ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸጣል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በስመ አብ ብሎ ማማተብ፣ ሦስት ጊዜ መስገድ (የማይሰገድበት ቀን ካልሆነ)፣ የዘወትር ጸሎት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ለሰባቱ ቀናት ተከፍሎ የተሰናዳ ነው። ጊዜ ያለው ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር ይጨምር፤ 150ው በ15 ንጉሥ ስለተከፈለ በቀን አንድ የሚል ሰው በ15 ቀን ይጨርሳል፤ ፍልሰታን በትክክል የሚሞላ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን አጥፎ በራስ ቋንቋ፣ በራስ ቃል መለመን፤ ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ልብ ቅን መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ግን እዚህ ላይ ነው። ግእዙን የማይረዳ በአማርኛ ይጸልይ። ሳይገባው በግእዝ የሚያነበንብ፣ በተለይ ሰው ሲያይ ብቻ በግእዝ የሚያደርገው፣ ለማን እየጸለየ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የጸሎት ሰዓታት 7 ናቸው፦ ጠዋት 12፣ ከዚያ 3፣ 6፣ 9 እና 11፣ ማታ በመኝታ ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት። ሥራ የሚውል ሰው ሰባቱንም ቆሞ ላድርስ ካለ ወይ ሥራውን ይበድላል ወይ በየቢሮው ጥግ መታያ ይሆናል። ጠዋትና ማታውን አሟልቶ ይቁም፤ የቀኑን ባሉበት በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያድርስ። የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪ እስኪሞላ፣ ነጋዴ ቅዳሜ ገበያ ሚዛኑን እየጠበቀ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማድረስ ይችላል። መቁጠሪያም በኪስ ውስጥ ይቆጠራል፤ ባለ 41ዱን በጣት እያለፉ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አንገት ላይ አውጥቶ ማንጠልጠል ለቁጥሩ አይረዳም።

ሐሳብ ሲበተን ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ያልተከፈለው ኪራይ ከጸሎቱ መሃል ብቅ ካለ ኪራዩን ራሱን ጸልዩበትና ካቆማችሁበት ስንኝ ቀጥሉ። ደጋግሞ ከመጀመሪያው የሚነሣ ሰው በሳምንት ውስጥ ይሰለቻል።

ስግደት

እጅ፣ ጉልበት፣ ግንባር መሬት ይነካሉ፤ መነሣቱ በጉልበት ኃይል እንጂ ወገብን በመወርወር አይሁን። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓላት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ከቆረቡ በኋላ አይሰገድም፤ ስቅለት ግን የስግደት ቀን ነው። ቁጥሩን አባት ይስጡ። ጉልበት የሚያመው ራስን ዝቅ በማድረግ ይተካ። ስትነሡ ዓይን ከጨለመ ቁጭ በሉ፤ ቁጥሩን ለመሙላት መጋፋት ጾመኛ ሰው ራሱን የሚጥልበት ነው። ስፌት ያለው ሻካራ ምንጣፍ ግንባር ላይ ምልክት ያወጣል፤ ለስላሳ ጨርቅ ደርቡበት፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አቧራውን ጥረጉ። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጎረቤትን ስግደት መቁጠር ከመጣባችሁ ዓይናችሁን መሬቱ ላይ ትከሉ።

ያልተበላው ቁርስ የት ሄደ?

ጾም ገንዘብ ያተርፋል፣ ያ ትርፍ የድሃ ነው። የቀረውን ቁርስ፣ ቡናና ሥጋ ዋጋ በየቀኑ ማታ አስሉና በፖስታ ወይም በጣሳ አስቀምጡ፤ «በኋላ እሰጣለሁ» የተባለ ገንዘብ ለትንሣኤ በግ ይሄዳል። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት አገር ናት፣ የአብነት ተማሪው ብዙ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በር ላይ ለቆመ ልጅ ቁራሽ ብቻ ሳይሆን ሳሙናና ደብተርም ይጎድለዋል። ገንዘቡን በቴሌብር ከላካችሁ ስማችሁ ለተቀባዩ ይደርሰዋል፤ መሰወር የሚፈልግ ጥሬ ብሩን አጥፎ ሙዳየ ምጽዋት ይክተት ወይም ለመምህሩ ያስረክብ። የኔ ቢጤው ፊት ካሜራ የደቀነ ሰው ምጽዋቱን ሸጦታል። ፎቶውን «ሌሎችን ለማነሣሣት» የሚለው ምክንያት ሲመረመር ብዙ ጊዜ አያስኬድም።

ስለ ስልክ ሌላው ነገር አጭር ነው፦ ጾሙ እስኪፈታ የራስን ስግደት፣ ሱባኤ፣ የተነበበ መዝሙር ቁጥር አትለጥፉ፣ ስንት ደረስክ የሚባባሉ የቴሌግራም ቡድኖችም ይለፉ።

ሲበላሽ የሚታይባቸው ምልክቶች

ሰው ሲያመሰግን ጸሎቱ ይረዝማል፣ ማንም ሳያይ ያጥራል። ከጎንደር ወጥቶ ማንም በማያውቀው ከተማ ሆቴል ሲታደር ረቡዕ ይረሳል። ከሰዓት በኋላ ልጅ ላይ ይጮኻል። በ6 ሰዓት የፈታን ሰው ሲያይ ውስጡ ይሞቀዋል። «እኔ እኮ አልናገርም» ብሎ መናገር ይጀምራል፤ ስውርነቱ ራሱ መመኪያ ሲሆን ማለት ነው፤ ከሁሉ ለመያዝ የሚያስቸግረው ይኼ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲታይ መድኃኒቱ ትርፉን መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም። ሰዓቱን ወደ ጋራው ልክ መልሱ፣ ስግደቱን አሳንሱ፣ ለንስሐ አባታችሁ ምልክቱን በስሙ ንገሩ። የዋልድባ መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ ይኖራሉ ብሎ የእነሱን ልክ ከተማ ውስጥ መሞከርም ከዚሁ ይቆጠራል፤ እነሱ የሚታዘዙት አበ ምኔት አላቸው።

ጾም በስሕተት ቢፈታ፣ ወተት ያለበት ሻይ ሳይታወቅ ቢጠጣ፣ ቀኑን «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ መጣል የለም። ካወቁበት ደቂቃ ጀምሮ ይቀጥላል፤ ሻዩን የቀዳውን ሰው በሰው ፊት መውቀስም አያስፈልግም። አውቆ የሻረ ግን ለአባቱ ይናገር፤ ቀኖናውን ራሱ ለራሱ አይቁረጥ፣ ራሱ የሚቆርጠው ወይ ይቀላል ወይ ያንገላታል።

ለትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ በባዶ ጨጓራ ዶሮ ወጥ ላይ መውደቅ የበዓሉን ቀን በሆድ ቁርጠት ያስፈጃል። በተለይ አክፍሎት የያዘ፣ ማለትም ምንም ሳይቀምስ እስከ ትንሣኤ የቆየ ሰው መጀመሪያ ተልባ ይጠጣ፣ ትንሽ ቆይቶ አልጫ ይቅመስ፣ ቀዩን ለረፋድ ያቆየው። ማዕዱ ላይ ማን ከሐሙስ ጀምሮ እንዳከፈለ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ «እንኳን አደረሰን» ብሎ እንጀራውን ወደ እሱ መግፋት ነው።